ዶርካስ ሂንክሊና ሃያ አራቱ ወፍ ጠባቂዎች

ዶርካስ ሂንክሊ ዕድሜ ልኳን የምትፈራው ሁለት ነገር ነበር፤ ማመስገንና መመስገን። እንዲህ ያደረጓት አባቷ ናቸው። ስምንት ልጅ፣ አርባ ላም፣ በየዓመቱም በረዶው ሲቀልጥ ከሥሩ አዲስ ድንጋይ የሚያወጣ ማሳ የነበራቸው ሰው ናቸው። ልጅ የሠራውን ሥራ ቆመው ያያሉ፣ ያያሉ፤ ጥሩ ከሆነ "መጥፎ አይደለም" ይላሉ። መጥፎ ከሆነ ምንም አይሉም፤ ኮታቸውን አውልቀው ራሳቸው እንደገና ይሠሩታል። ከዱላ የሚብሰው ይሄኛው ነበር።

ስድስተኛ ልጅ ነበረች። በስድስት ዓመቷ እንቁላል ለቀማ፣ በሰባት ዓመቷ ጥጃ ማጠጣት፣ በስምንት ዓመቷ ደግሞ ያ የተረገመ ድንጋይ። የማሳቹሴትስ መሬት ምሥጢሩ እንጃ፤ ዘንድሮ ለቅመው ጨርሰው ካብ አድርገው ቢደረድሩት ለከርሞ ያንኑ ያህል ተኝቶ ይጠብቃል። "ሳንዘራው የሚበቅልልን እሱ ብቻ ነው" ይሉ ነበር አባቷ፣ ቀልድ ይሁን ሐዘን ሳይለይ። ዶርካስ ያን ጊዜ የቆሰለ ጣቷን እየጠባች ለራሷ ማለች፤ ልጅ ከወለድኩ ጠጠር አላስነካውም አለች።

መሐላዋን ጠበቀች። ጉዱም የመጣው ከዚያ ነው።

ዌንደልን አገባች። ዌንደል ፖስተኛ ነበር፤ በኖርዝ ፔልተን ከተማ የማን ውሻ እንደሚናከስ፣ የማን ውሻ ደግሞ ለይምሰል እንደሚጮህ አንድ በአንድ ያውቃል። እሷ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ተቀጥራ ሃያ ስድስት ዓመት ሾርባ ጨለፈች። አንድ ልጅ ወለዱ፣ ከርቲስ የሚባል። ከርቲስ አልጋውን አላነጠፈም፣ ሳህኑን አላነሳም፣ ካልሲ መሳቢያ ውስጥ በራሱ የሚበቅል ይመስለው ነበር።

"ተዪው እንጂ፣ ይሞክር" ይላል ዌንደል።

"እኔ ባፍታ የምጨርሰውን እሱ ሲንቀራፈፍ ቆሜ ልይ?" ትላለች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ልጁ አድጎ ኮሌጅ ገባ። በሳምንቱ ስልክ ደወለ።

"እማ፣ ውኃ መፍላቱ በምን ይታወቃል?"

ዶርካስ ስልኩን እንደያዘች ቀስ ብላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዌንደል ከማዶ ሰምቶ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

"ሳቅ! ሳቅ እንጂ!" አለችው። "አንተስ ብትሆን ድስቱ የት እንደሚቀመጥ ታውቃለህ?"

"እኔ ድስቱ አጠገብ የምትቆመውን አውቃለሁ፤ ይበቃኛል" አላት።

በዚያው ዓመት ነው ወደ አሮጌው ቤት የሄደችው። አሮጌው ቤት ከተማው ዳር ያለ፣ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ከባሕር ማዶ በመጡ ጊዜ በሳንቃ የሠሩት፣ ጣሪያው የጎበጠ፣ አንድ ሰው ቆሞ የሚገባበት ምድጃ ያለው ቤት ነው። የታሪክ ማኅበሩ ይጠብቀዋል ይባላል። ማኅበሩ አምስት ሰው ነው፤ ከአምስቱ ሁለቱ ስብሰባ ላይ ይተኛሉ። ዶርካስ ፊታቸው ቆመችና፣ "የሦስተኛ ክፍል ልጆችን በዓመት አንድ ቀን አምጡልኝ። በሰፋሪዎቹ ዘመን እኩዮቻቸው ከጠዋት እስከ ማታ ምን ይሠሩ እንደነበር ላሳያቸው። በወሬ ሳይሆን በእጃቸው" አለች። ያልተኙት ሦስቱ እጃቸውን አወጡ።

ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ የበቆሎው ቡቃያ ጣት ሲያህል፣ ልጆቹ በቢጫው አውቶቡስ ይመጣሉ። ሴቶቹ ነጭ ቆብና ሽርጥ፣ ወንዶቹ ባርኔጣ ይደረግላቸዋል። ለዚያ ቀን ሁሉም ዶርካስን "እሜቴ" ነው የሚሏት። ከቅርጫት ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው አንዳንድ ቁራጭ እንጨት ያነሣሉ፤ እንጨቱ ላይ የቀኑ ሥራቸው ተጽፏል። ውኃ መቅዳት፣ ጭራሮ መልቀም፣ ሱፍ ማበጠር፣ ቅቤ መናጥ፣ በቆሎ መውቀጥ። ፖፖ መድፋትም አለ። ፖፖ የደረሰው ልጅ ጩኸት እስከ ዋናው መንገድ ይሰማል።

"እሜቴ፣ ደመወዛቸው ስንት ነበር?" ይላል አንዱ።

"እራት።"

"ካልሠሩስ?"

"ያለ እራት።"

"እንዴ! ሕገ ወጥ እኮ ነው!"

"ቁራው ሕግ አያነብም፣ የኔ ጌታ። አንተ ማሳውን ትተህ ስትጫወት እሱ ቡቃያውን እየነቀለ ይበላል። አንተ ደግሞ በበረዶው ወራት ምን ትበላለህ?"

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ዝምታ ይሆናል። ዶርካስ ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው ይህችን ዝምታ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ፣ እሱ ከሌለ ቤተሰቡ እንደሚራብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስበው፣ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። ዌንደል ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ከርቲስ ሩቅ አገር ነው፣ እሁድ እሁድ ይደውላል፣ ውኃ ማፍላቱንም ተክኖበታል። ሦስት መቶ ስልሳ አራቱን ቀን ዶርካስን ለቁም ነገር የሚፈልጋት ሰው የለም። አንዱ ቀን ግን የእሷ ነው።

ባለፈው ዓመት ግን ነገሩ በጣም ሠመረና ተበላሸ። ልጆቹ የተማሩትን ይዘው ቤታቸው ገቡ። አንዱ ልጅ ወንበር ለትልቅ ሰው ነው ብሎ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቆሞ በላ። አንዲቷ ሳሙና ድሮ ከአመድ ነበር የሚሠራው ስለተባለች የምድጃ አመድ አፍሳ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ጨመረች፤ የአባቷ ሸሚዞች ሁሉ የዝናብ ደመና መሰሉ። ሌላዋ ታናሽ ወንድሟን ጓሮ አውጥታ ጀምበር እስክትጠልቅ ቁራ ሲያባርር አዋለችው። ለትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር በአንድ ሳምንት አሥራ አንድ ስልክ ተደወለለት።

ዳይሬክተሩ ሚስተር ሳልቩቺ ከቦስተን የመጣ፣ ገና ሁለተኛ ዓመቱ የሆነ፣ ጫማው የሚያበራ ሰው ነው። ክፉ አልነበረም፤ ስልክ የሚደወልለት ሰው ነበር እንጂ። ዘንድሮ በሚያዝያ ዶርካስን ቢሮው አስጠራትና ወረቀት ዘረጋ።

"እሳት አይነድም" አለ።

"እሺ።"

"ቢላ የለም። ግቢ ውስጥ ያለችው ዝይም የለችም።"

"ዝይዋ ሞታለች።"

"ባትሞትም የለችም። ባልዲው ከሲሶ በላይ ውኃ አይያዝበት። ሱፍ የሚያሳክከው ልጅ ካለ ጓንት ያድርግ። ፖፖው ደግሞ..."

"ባዶ ነው፣ ሚስተር ሳልቩቺ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ባዶ ነው።"

"ይሁን፣ ከሱቅ አዲስ ይገዛ።" ብዕሩን አስቀመጠ። "ወይዘሮ ሂንክሊ፣ ላስቀይምዎ አልፈልግም። ዘንድሮ እኔ ራሴ አብሬ እመጣለሁ። አንድ ነገር፣ አንዲት ትንሽ ነገር ከደረሰች፣ ይህ የመጨረሻው ይሆናል። የትምህርት ቤቱ ቦርድም ተስማምቷል።"

"ወፍ መጠበቁስ? ቁራ ለማባረር ሁለት ጣውላ ማጨብጨቡ?"

ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየ። "ማጨብጨብ ማንን ይጎዳል? ይቻላል" አለ።

ዶርካስ አልለመነችም። አሮጌው ቤት ማሳ ሄዳ ግን በቆሎውን ከወትሮው በበለጠ ጥንቃቄ ዘራችው፤ እንደ ጥንቱ ልማድ ከያንዳንዱ ጉድጓድ ሥር ማዳበሪያ እንዲሆን አንዳንድ ዓሣ እየቀበረች። የሰባ አራት ዓመት ጉልበት ይዞ ሁለት መቶ ጊዜ ማጎንበስ ምን እንደሆነ ያጎነበሰ ያውቀዋል።

ቀኑ ደረሰ። ጠዋት ልጆቹ ሳይመጡ፣ ሽርጦቹን ስታራግፍ፣ ኤልዉድ ትሪፕ ማሳውን በሚያዋስነው የድንጋይ ካብ ላይ ክንዱን አስደግፎ ብቅ አለ። ኤልዉድ ከአሮጌው ቤት ማሳ ወዲያ የሚኖር፣ ሚስት ያላገባ የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ነው። ከዶርካስ ጋር በዚህ ካብ ላይ ሆነው ሲነታረኩ አርባ ዓመታቸው ነው።

ስለ እሱ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ባለፈው መጋቢት፣ ከተማው በሞላ በሚሰበሰብበት ቀን፣ የዱር ተርኪ ነገር ተነሥቶ ነበር። ተርኪ ማለት ያ ቀይ አገጩ የተንዠረገገ፣ ቁመቱ የአምስት ዓመት ልጅ የሚያህል፣ መንጋውን ይዞ አስፋልት መሐል ቆሞ መኪና የሚያሰልፍ ዶሮ ነው። የደፈሩን ሰው ስለሚመግባቸው ነው ተባለና፣ የመገበ እንዲቀጣ ደንብ ቀረበ። ከአዳራሹ ሁሉ ቀድሞ እጁን ያወጣው ኤልዉድ ነው። "መመገብ? ጥይት ነው የሚያንሳቸው!" ብሎ ተጨብጭቦለታል።

"ዶርካስ" አላት አሁን።

"ኤልዉድ።"

"ልጆቹ ዛሬ ናቸው?"

"ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ቀን ነው የመጡት።"

"ያ ጣውላ ማጨብጨቡ... ዘንድሮ ቢቀርስ?"

"ለምን ይቀራል?"

ኤልዉድ ሰማዩን አየ። ጫማውን አየ። "ጆሮዬ" አለ።

"ጆሮህ ምን ሆነ? ሦስት ጊዜ ጠርቼህ አንዴ ነው የምትሰማው።"

"ጩኸት ሲሆን ያመኛል።"

"ጥጥ ክተትበታ።"

"ወይም በእጃቸው ያጨብጭቡ። ጣውላው ነው እንጂ..."

"ኤልዉድ፣ ዛሬ ለክርክር ጊዜ የለኝም። ነገ ና።"

አንገቱን ነቅንቆ ሄደ። እዚያ አገር ሁለት ጎረቤት እንዲህ ነው የሚነጋገረው። አንደኛው እውነቱን ቢያወጣው፣ ሌላኛዋ ምን ሆነሃል ብላ ብትጠይቅ፣ ሁለቱም በሰላም ውለው ይገቡ ነበር። ኤልዉድ ግን ከመናገር ጥርሱን ቢያስነቅል ይመርጣል፤ ዶርካስም ከመጠየቅ።

ሦስት ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ሃያ አራት ልጅ አራገፈ። ሚስተር ሳልቩቺ ከኋላው በጥቁር መኪናው ደረሰ። መኪናዋ የታጠበችው ያን ጠዋት ነው፤ ሰው ፀጉሩን ሊያበጥርባት ይችላል። ከካቡ ሥር አቆማትና ወረቀቶቹን በብብቱ ሸጉጦ ወረደ።

ነገሩ እንዲያ ያማረበት ቀን ታይቶ አያውቅም። ፖፖው ኦቲስ ለሚባል፣ ሥራ ሲጠራ ሆዱን ለሚያመው ወፍራም ልጅ ደረሰ፤ ጩኸቱን አቀለጠው። ግን አዲስ መሆኑን ሲያይ ቅር ተሰኝቶ፣ "ውስጡ ምንም የለም እኮ!" አለ።

"ይቅርታ አድርግልኝ፣ ትእዛዝ ነው" አለችው ዶርካስ ዳይሬክተሩን በዓይኗ እያመለከተች።

ውኃ ቀጂዎቹ ሲሶ ባልዲ ይዘው ዘጠኝ ጊዜ ተመላለሱ። ናዲን የምትባል ዝምተኛ ልጅ፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ የሚንሸራተት፣ ቅቤው እስኪወጣ ድረስ ክንዷ ዝሎም መናጫውን አልለቅም አለች። ሚስተር ሳልቩቺ ራሱ ለአደጋ ጥንቃቄ ነው ብሎ ቀረበና፣ አንድ ሁለት ጊዜ ናጠ፣ ከዚያ ሃያ ጊዜ ናጠ፣ ከዚያ ልጆቹ ተራ ያዝ አሉት። ዶርካስ በሆዷ ሰዓቱን ትቆጥራለች። እስካሁን ማንም አልወደቀ፣ ማንም አልደማ፣ አንድም ልጅ አላለቀሰ። የቀረው ወፍ ጥበቃው ብቻ ነው።

ሃያ አራቱም በማሳው ዙሪያ ተሰለፉ። ለያንዳንዳቸው በጠፍር የተያያዙ ሁለት ጣውላዎች ተሰጣቸው። ማሳው ላይ ስምንት ቁራ ተደላድሎ ቡቃያ ይነቅላል።

"እንግዲህ" አለች ዶርካስ፣ "ያ ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ በእናንተ ነው የሚኖሩት። አጨብጭቡ!"

ጧ! ጧ! ጧ! ጧ! አገር ተናጋ። ቁራዎቹ እየተሳደቡ ተነሥተው ዛፍ ላይ ወጡ። ልጆቹ በደስታ ጮኹ። ዶርካስም አፏን ከፍታ "መጥፎ አይደለም" ልትል ስትል፣ ከጫካው ጠርዝ አንድ ረጅም አንገት ብቅ አለ።

ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሦስት ሆነው። አሥራ ሰባት ተርኪ በሰልፍ፣ እግራቸውን እያነሡ፣ ቀብር እንደረፈደበት ሰው በጥድፊያ ወደ ማሳው ይመጣሉ።

"ይሄ..." አለ ሚስተር ሳልቩቺ፣ "ይሄ የፕሮግራሙ ክፍል ነው?"

"አይደለም" አለች ዶርካስ፣ መዋሸት ስለማታውቅ። "ልጆች! እነሱንም አባርሯቸው! በርቱ፣ አጨብጭቡ!"

ልጆቹ በረቱ። ተርኪዎቹ ይህን ሲሰሙ መራመዳቸውን ትተው ሮጡ። ወደ ጣውላው!

"ጠንከር አድርጉ!"

ጠንከር ሲያደርጉ ክንፋቸውንም ጨመሩበት። አንዷ ተርኪ የልጅ ቆብ ነጥቃ ቀምሳ ተፋችው። አንዷ የኦቲስን ፖፖ አይታ አንገቷን ውስጡ ከተተች። አለቃቸው፣ ያ ጅራቱን እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋው ትልቁ ወንድ፣ ጥቁሩ መኪና በር ላይ ሌላ ወንድ ተርኪ ቆሞ አፍጥጦ ሲያየው አየ። ቆመ፣ ደሙ ፈላ፣ ተንደርድሮ በመንቁሩ ገጨው። ያኛውም ገጨው። በዚያ ጦርነቱ ተጀመረ።

"መኪናዬ! ሂድ! ሂድ ከዚህ!" ሚስተር ሳልቩቺ በወረቀቶቹ እያራገበ ሮጠ።

ተርኪው ዞር ብሎ አየው። ተራው የዳይሬክተሩ ሆነ። ሰውዬው ለማፈግፈግ ሞከረ፣ ተርኪው ተከተለ፤ ለመሮጥ ሞከረ፣ ተርኪው ቀደመ። በመጨረሻ የሚያበራ ጫማውን እንዳደረገ ጓሮ የቆመው አሮጌ ጋሪ ላይ ዘለለ፤ ሲዘል ሱሪው ከኋላ በረጅሙ ሲቀደድ ሁሉም ሰሙት።

"ልጆች፣ ተረጋጉ!" አለ ከጋሪው ላይ።

ልጆቹ ተረጋግተዋል። እንደዚያ ቀን ተደስተው አያውቁም።

ያልተረጋጋችው ዶርካስ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ዓይኗ እያየ ጋሪ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ጣውላ ነጥቃ ራሷ ልታጨበጭብ ስትል ናዲን ሽርጧን ጎተተቻት።

"እሜቴ፣ እሜቴ።"

"ምንድነው፣ የኔ ልጅ፣ ቆይ!"

"ስናጨበጭብ ነው እኮ የሚመጡት። የኛ ድመት የቆርቆሮ መክፈቻ ስትሰማ እንደምትመጣው። ምሳ የደረሰ መስሏቸው ነው።"

ዶርካስ ጣውላውን አየች። ተርኪዎቹን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ፊቷን ወደ ካቡ አዞረች። ኤልዉድ ትሪፕ ከወዲያ ሆኖ ግማሽ ፊቱ ይታያል፤ ግማሹ ደግሞ ከድንጋዩ ኋላ ለመግባት ይጣጣራል።

"ጣውላችሁን አስቀምጡ" አለች ልጆቹን። ጸጥ አለ። ተርኪዎቹ ግን አልሄዱም፤ ምሳ የተጠሩ እንግዶች ናቸው፣ ቆመው ያያሉ።

"ኤልዉድ ትሪፕ!"

"አቤት" አለ ካቡ።

"መመገብ ከጀመርክ ስንት ጊዜህ ነው?"

የቀረው ግማሽ ፊቱም ከድንጋዩ በላይ ወጣ። "ከገና ወዲህ" አለ በመጨረሻ። "አንዷ እግሯ የተሰበረች ነበረች። በረዶ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ምን ላድርግ? ከዚያ ለዘመዶቿ ነገረቻቸው መሰለኝ።"

"በጣውላ ነው የምትጠራቸው?"

"ከጣሪያዬ ክዳን የተረፈ ስስ ጣውላ ነበረኝ። ድምፁ ይጥማቸዋል።"

"አንተ እጅ ያወጣህ! ጥይት ነው የሚያንሳቸው ያልክ!"

"ከማን አባቴ ጋር ልከራከር፣ ሁሉም ሰው ተቆጥቶ ነበር እኮ!"

"ኤልዉድ" አለች ዶርካስ፣ ድምጿ ሳይታወቃት ቀነሰ፣ "ጥራልኝ። እባክህ።"

አርባ ዓመት ሙሉ እባክህ ብላው አታውቅም። ሽማግሌው ጋሪው ላይ ያለውን ዳይሬክተር አየ፣ ሃያ አራት ጥንድ ዓይን አየ፣ የአውቶቡሱ ሹፌር ስልኩን አውጥቶ ሲቀርጽ አየ። ዛሬ ማታ ከተማው ሁሉ ይሰማል። ወደ ጎተራው ሄዶ ሁለት ቁራጭ ክዳን ይዞ ተመለሰ፤ ባርኔጣውን አስተካከለና፣ በሁሉ ፊት፣ አጨበጨበ።

አሥራ ሰባት አንገት በአንድ ጊዜ ዞረ። ትልቁ ወንድ እንኳ ጠላቱን ረስቶ፣ ጅራቱን አጣጥፎ፣ ካቡን ዘለለ። ከኋላቸው አንዲት የምታነክስ ተርኪ ቀረች፤ ኤልዉድ ወደ ካቡ ተመልሶ በእቅፉ አሻገራት። "ነይ እንግዲህ፣ ክላራ" ሲላት ልጆቹ ሰሙ። ለተርኪ ስም አውጥቷል!

ሚስተር ሳልቩቺ ከጋሪው ወረደ። ዶርካስ ዞር ብላ ሽርጥ አቀበለችውና በኋላ በኩል አሰረው። ልጆቹን ቆጠረ፤ ሃያ አራት። እንደገና ቆጠረ። አንድም ጭረት የለባቸውም። የመኪናዋ በር ግን ተወቅሯል።

"ወይዘሮ ሂንክሊ" አለ።

"አውቃለሁ።"

"አንድ ነገር ከደረሰ ብዬ ነበር።"

"ብለዋል። ደርሷልም። የሆነውን ይጻፉ፤ አልክድም።"

ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም። ብዕሩን ከደረት ኪሱ አወጣ፣ ወረቀት ፈለገ፤ ወረቀቶቹ ማሳው ላይ ተበትነዋል። ሊለቅማቸው ጎንበስ ሲል ኦቲስ ጮኸ።

"ቁራዎቹ! ቁራዎቹ ወርደዋል!"

እውነትም ሁሉም ሰው ተርኪ ሲያይ፣ ስምንቱ ቁራ ተመልሰው በረድፍ ቡቃያ እየነቀሉ ነው። ዶርካስ ለማዘዝ ጊዜ አልነበራትም። ሃያ አራቱ ልጆች ማንም ሳያዛቸው ተነቅለው ሮጡ። ኦቲስ ጣውላውን ብድግ ሲያደርግ ናዲን፣ "ጣውላ አይሆንም! ተርኪዎቹ ይመለሳሉ!" አለችው። ጣለው። በእጃቸው፣ በቆባቸው፣ በሽርጣቸው፣ በጉሮሯቸው ገቡበት። ኦቲስ ፖፖውን በራሱ ላይ እያሽከረከረ ፊት ፊት ይሮጣል። በሆድ ቁርጠት የሚታወቀው ልጅ ይሄ ነው።

ቁራ ደግሞ አይሰለችም፤ ከዚህ ሲያባርሩት ከዚያ ይወርዳል። ልጆቹ ራሳቸው ተከፋፈሉ፤ ናዲን እያንዳንዱን ጥግ ለአምስት አምስት ልጅ ሰጠች፤ አራቱን መሐል አቆመች። ስምንት ሰዓት ሆነ። ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

"ልጆች፣ መሄጃችን ደርሷል!" አለ ሚስተር ሳልቩቺ።

"እኛ ከሄድን ማን ይጠብቃል?" አለ ኦቲስ።

"ወይዘሮ ሂንክሊ አሉ።"

"እሜቴ ብቻቸውን ናቸው። ማሳው አራት ጥግ አለው።"

"ኦቲስ፣ አውቶቡሱ ቆሟል እኮ።"

"ቁራውም ቆሟል። ሰው ካልተካን አልሄድም።"

ሌሎቹም "አንሄድም" አሉ። ንግግራቸው የአመፅ አልነበረም፤ ሥራውን ለተረኛ ሳያስረክብ መሄድ ነውር እንደሆነ የገባው ሰው ንግግር ነው። ናዲን መነጽሯን ወደ ላይ ገፍታ ዳይሬክተሩን ከእግር እስከ ራስ አየችው፤ ሽርጥ አድርጓል፤ ጤነኛ ነው፤ ሥራም አልያዘም።

"እርስዎ መኪና አለዎት" አለችው። "በኋላ መምጣት ይችላሉ።"

ሚስተር ሳልቩቺ አውቶቡሱን አየ። የደረት ኪሱን ዳበሰ። በመጨረሻም በሚያበራ ጫማው የተቆፈረው መሬት ውስጥ ገባና ጥጉን ያዘ። ኦቲስ አሳየው፤ እጅን እንዲህ፣ ጩኸቱን ከሆድ። አንዴ ሞከረ።

"ጠንከር አድርገው" አለው ልጁ። "የምትራበው አንተ ነህ።"

አውቶቡሱ ሲሄድ ሃያ አራት ፊት መስኮቱ ላይ ተለጥፎ እየተቆጣጠረው ነበርና፣ ሰውዬው ልጆቹ እስኪሰወሩ ድረስ እጁን አላወረደም። ከተሰወሩም በኋላ አላወረደም። ዶርካስ ሌላኛው ጥግ ላይ ቆማለች። ኤልዉድ ሳይጠራ ሦስተኛውን ያዘ፤ ክዳኑን ግን ቤቱ ትቶ ነው የመጣው። ከዚያም ከዚህም፣ ሦስት ትልልቅ ሰዎች፣ ሲጮኹና እጃቸውን ሲያራግቡ አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። የተበተኑትን ወረቀቶች ነፋሱ ወደ ጫካው ወሰዳቸው፤ የተከተላቸውም ሰው የለ።

ሚስተር ሳልቩቺ ድምፁ ሰልሎ ወደ ዶርካስ መጣ። ግንባሩ አፈር ነው።

"ይሄ በቆሎ" አላት፣ "መቼ ነው የሚደርሰው?"

"በረዶ ሳይጥል። ጥቅምት ላይ።"

"ከዚያስ?"

"ይሸለቀቃል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል። ብዙ እጅ ይፈልጋል።"

ወደ ማሳው ዞሮ ቆሞ አየ፣ ልክ አባቷ ያዩ እንደነበረው። "እንግዲህ ሃያ አራቱ የጠበቁትን ሳይበሉ መቅረት የለባቸውም" አለ። "ለጥቅምት አንድ ቀን ይያዝላቸው። ግንቦትን ግን እንዳያስቀሩ፤ የሁለተኛ ክፍሎቹ ተራቸውን እየጠበቁ ነው። ስልኩ ሲደወል እኔ አነሣዋለሁ።"

ዶርካስ ልታመሰግነው ይገባት ነበር። ቃሉም አፏ ድረስ መጣ፤ እዚያው እንደ አባቷ ማሳ ድንጋይ ተቀመጠ። የሽርጧን ጫፍ ጨብጣ፣ በአገጯ አመለከተችው።

"ቁራው ከኋላህ ነው" አለችው።